ኔትወርክ የሌለው ተራራ

ሰው በድንገት ደግ ሲሆንባችሁ ፍሩ። በሌላችሁበት ሲያማችሁ፣ ሲሰድባችሁ፣ ታክሲ ውስጥ በክርኑ ሲደቁሳችሁ ግድ የለም፤ አገር ሰላም ነው ማለት ነው። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን ሰላምታ የነፈጋችሁ ጎረቤት ተነሥቶ «እስቲ አረፍ በል፣ ውሃ ላምጣልህ» ያላችሁ ቀን፣ የምትደገፉት ግድግዳ ፈልጉ። የሆነ ሰው ሞቷል፤ ያልሰማችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

እኛ በመርዶ ላይ ያለን ጥበብ በሌላው ነገር ላይ ቢኖረን ኖሮ እስካሁን የት በደረስን! ስብሰባ ስንጠራ እናረፍዳለን፣ ቧንቧ ስንቀብር መንገድ ቆፍረን እንረሳለን። መርዶ ላይ ግን ማን ይችለናል? ሟች ሩቅ አገር ካረፈ ለልጁ በስልክ አይነገረውም፤ ማን ነው እንዲህ ያለ አውሬ? ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፣ ደግፈው የሚይዙት ጎረምሶች ይመረጣሉ፣ ግንባሩን እንዳይፈነክተው ጠረጴዛው ከሳሎን ይወጣል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው ምንም ሳያውቅ እየሳቀ እንዲሰነብት መንደሩ በሙሉ ይዋሻል። በዚህ ውሸት ንስሐ የገባ ሰው አላጋጠመኝም፤ ንስሐ ግባ ያለ ቄስም አልሰማሁም።

እኔ ወደዚህ ጥበብ የገባሁት በጥር ወር ነው። የገባሁትም በእግሬ፣ ያውም ሽቅብ ነው።

ጓደኛዬ ታደለ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ከእኛ ግቢ ወረድ ብሎ ይኖራል። ከጨንቻ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው፤ አባቱ እዚሁ ሙያውን አስተምረውት እዚሁ አረፉ፣ እናቱ ግን አገሬን አልለቅም ብለው እዚያው ቀሩ። ታደለ እናቱን ይወዳል። «እናቱን የማይወድ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እናቴን እወዳታለሁ። ጎንደር ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው፤ ደም ግፊት አለባት፤ በእሷ ቤት ግን በሽተኛው እኔ ነኝ። በየጠዋቱ ትደውልና «ቁርስ በላህ? ምን በላህ? ለምን እሱን በላህ?» ትለኛለች። አንዳንዴ ስልኩ ሲጮህ አየዋለሁ እንጂ አላነሣውም። ታደለ ግን እናቱ ሲደውሉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ኮፍያ ካደረገም አውልቆ ቆሞ ነው የሚያናግራቸው። በስልክ እኮ ነው! ማን ያየዋል?

አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ጋሽ በየነ በራቸው ላይ ቆመው በእጃቸው ጠሩኝ። ጋሽ በየነ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡት ለሞት ነው፤ ሲናገሩም ማስታወቂያ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት። ወደ ውስጥ አስገቡኝና በሩን ዘግተው፣ የታደለ እናት ማረፋቸውን፣ ቀብራቸውም መፈጸሙን ነገሩኝ። ወንድሙና አክስቱ ከጨንቻ ተነሥተው ቅዳሜ ወደ ማታ ይገባሉ፤ መርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ ይነገራል። ዓርብን ሥራ ቤት ጓደኞቹ ይጠብቁታል። ጭንቁ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የአገሩ ልጅ ሁሉ ሸማውን ይዞ ሽሮ ሜዳ ይወርዳል፤ ከመካከላቸው አንዱ ሆደ ቡቡ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ካለቀሰ የእድሩ ድካም ሁሉ ገደል ገባ። «ስለዚህ» አሉኝ ጋሽ በየነ፣ «ቅዳሜን እሱን ከዚህ አካባቢ ታርቅልናለህ።»

እንጦጦ ልውሰደው አልኳቸው። በሐዘን አዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ግማሹ ጉለሌ ለስፖርት፣ ግማሹ ማርያምን ለመሳለም እንጦጦ ላይ ነው ያለው። በየባሕር ዛፉ ሥር «እግዚአብሔር ያጽናህ» የሚል አንድ አንድ ሰው አይጠፋም። ራቅ ያለ ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ፈልግ አሉኝ። ሐኪም ተራመድ ብሎህ የለ? አሉ ጨምረው። ሐኪም ያዘዘልኝን እኔ ረስቼው ነበር፤ እድሩ ግን አልረሳም።

በዚህ ዘመን ተራራ መውጣት ሥራ ሆኗል። ድሮ ሰው ተራራ የሚወጣው ከተራራው ወዲያ ጉዳይ ሲኖረው ነበር፤ አሁን «ሃይኪንግ» ይባልና ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ይወረዳል። ቅዳሜን ከመተሐራ ወዲያ ወዳለ አንድ የበረሃ ተራራ የሚሄዱ ወጣቶች አገኘሁ። የተራራውን ስም አልጠራላችሁም፤ ተቀያይመናል። አስተባባሪዋን ሜሮን የምትባለውን ልጅ በስልክ አግኝቼ የጠየቅኳት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እዚያ ኔትወርክ አለ ወይ? «አይ፣ እሱ እንኳን የለም» አለችኝ ይቅርታ እየጠየቀች። ሁለት ቦታ ያዢልኝ አልኳት።

ባለቤቴ ነገሩን ታውቃለች፤ ቢሆንም ሳትከራከር አላለፈችኝም። ባለቤቴ በሁሉም ነገር ትከራከራለች። መሽቷል ብላት የት ጋ ትለኛለች። የጉለሌ ሰው ነኝና ያለ ጋቢ ርቄ ሄጄ አላውቅም፤ ወፍራሙን ጋቢ አውጪልኝ ስላት ወገቧን ይዛ ቆመች። በረሃ ጋቢ ይዞ የሚሄድ ማን ነው? ሰው ምን ይለናል? ግመሎቹስ ምን ይሉናል? እንደ ወትሮው ተረትቼ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝና በሣር ባርኔጣ ወጣሁ።

ታደለ አዲሱ ገበያ ሚኒባሱ ዘንድ ቀድሞኝ ደርሷል። ጭኑ ላይ ጋቢ አስቀምጦ ጫፉን ይቋጫል። እጁ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ ሌላው ሰው ስልኩን በሚነካካበት ጊዜ እሱ ክር ያከርራል። የማን ነው? አልኩት፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። «ለእናቴ ነው» አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ። ውጭ የሚታየው የሌላ ሚኒባስ ጎን ብቻ ነበር፤ እሱን አየሁ።

የጉዞው እቅድ ቀላል ነበር። ስልኬን ቤት ረስቼ መጣሁ አልኩት፤ ስልኬ ግን ድምፁን አጥፍቼው ሱሪዬ ኪስ ውስጥ አለ። ስለዚህ ለፎቶ ያንተን ስጠኝ ብዬ የእሱን ወሰድኩና ኔትወርኩን ዘጋሁት። እንዲህ በቀላሉ ሲሰጠኝ ጊዜ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ ዶሮዋ እኔ መሆኔን ግን ገና አላወቅኩም።

ከከተማው ልንወጣ ስንል ታደለ ክሩን አቆመና፣ ሰው ሁሉ ደህና ነው ግን? አለኝ። እንዴት እንደዚያ ብሎ ይጠይቃል? ምን ልበለው? «እንጦጦ ማርያምን፣ ማንም ምንም አልሆነም፤ እንዲሁ አብረን መዋል ናፍቆኝ ነው» ብዬ ማልኩ። አያችሁ፣ ተራ ውሸት ይበቃ ነበር። እኔ ግን እመቤታችንን ከነተራራዋ ጠራሁ።

ሜሮን ደስተኛ ልጅ ናት፤ በዚያ ቀን ለዚያ ጉዞ ከሚገባው በላይ ደስተኛ። ሁላችንም ተነሥተን ስማችንንና የመጣንበትን ምክንያት እንድንናገር አዘዘች። አንዱ ጭንቀት ለማራገፍ፣ አንዷ እጮኛዋን ለመርሳት፣ ሌላው ለፎቶ መጥቷል። እኔ ሐኪም አዞኝ ነው አልኩ። ታደለ ተነሣና፣ ይሄ ጓደኛዬ ሰሞኑን ፊቱ ደስ አይለኝም፣ እሱን ላጫውት ብዬ ነው አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ምስኪን ብዬ አዘንኩለት፤ እናቱ አፈር ለብሰው እሱ ስለ እኔ ፊት ይጨነቃል!

ከአዳማ በታች አገሩ ዝቅ እያለ ሄደ። ቅጠል አልባ ግራር፣ ጥቁር የተቃጠለ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ማንም የማይቸኩልበት ሜዳ። ፀሐይዋ ግን የተባለላትን ያህል አልነበረችም፤ ጥር ነውና ብርሃን እንጂ ሙቀት አልያዘችም። ተራራው ሥር ስንደርስ ስልኬን ሰርቄ አየሁት። ኔትወርክ የለም። ደስ አለኝ። በዚያ ሳምንት ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ወጣን። ስለ አወጣጡ ብዙ አልነግራችሁም፤ ድንጋዩ ይንሸራተታል፣ የተደገፉት ግራር ይዋጋል፣ ጫፍ ነው የተባለው ሁሉ ሲደርሱበት ጫፍ አይደለም። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እግሬ ከመሬት የሚለያየው ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው። ሜሮን በየመታጠፊያው «ጋሼ፣ ይችላሉ?» ትለኛለች። ጋሼ! ታደለ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ እግሩን የሸማ ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ሲረግጥ የኖረ ሰው ስለሆነ እግሩ ብረት ነው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከፊቴ ይሄዳል፣ እየዞረ እጁን ይሰጠኛል። ሐዘን የሚጠብቀው ሰው እኔን ይጎትታል። እጁን በያዝኩ ቁጥር፣ ነገ በዚህ ሰዓት ይህ እጅ ደረት እየመታ ነው እላለሁ በሆዴ።

እንደምንም ጫፍ ደረስን። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። በረሃ ነው ተብሎ ነው የመጣሁት፤ እንጦጦ ላይ እንኳ እንዲህ አድርጎ በርዶኝ አያውቅም። ባርኔጣዬ ተነሥታ ሄደች፤ የት እንደወረደች እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ታደለ አየኝና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አለበሰኝ። ተው አልኩት። ያንን ጋቢ ከምለብስ ብርድ ቢገድለኝ እመርጥ ነበር። እሱ ግን አጣፍቶ፣ አንገቴ ሥር ወትፎ፣ «ልበሰው ባክህ፣ ጋቢ ለሰው ነው የተሠራው» አለኝ። ይሞቃል። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያ የሚሞቅ ጋቢ ለብሼ አላውቅም።

ይኼኔ ሜሮን ከድንጋይ ላይ ቆማ በደስታ ጮኸች። «እዚህ ኔትወርክ አለ! ፎቶ መልቀቅ ትችላላችሁ!»

አንድ ነገር ማንም አልነገረኝም፤ ተራራ በወጣችሁ ቁጥር ወደ አንቴናው ትቀርባላችሁ። ሥሩ ላይ የለም ማለት ጫፉ ላይ የለም ማለት አይደለም። ይህን ለመገመት ደግሞ መማር አያስፈልግም ነበር። የሰው ሁሉ ስልክ አንድ ላይ መንጫጫት ጀመረ። እኔ የታደለን ስልክ በሁለት እጄ ጨብጬ ይዣለሁ፤ ዝግ ነው፣ ምንም አይልም፣ ተመስገን። ከዚያ ግን ከሱሪዬ ኪስ ውስጥ አንድ ሕፃን ከትከት ብሎ መሳቅ ጀመረ።

የስልኬ ጥሪ ነው። የመረጠችልኝ ባለቤቴ ናት። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለካስ ያጠፋሁት ሌላ ነገር ነው። ሕፃኑ ይስቃል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ እንደገና ይስቃል። ቤት የረሳሁት ስልክ እኮ ነው! ታደለ አየኝ። ወደ ኪሴ አየ። ተመልሶ ፊቴን አየ። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አለኝ፦

«አንሣው። ጋሽ በየነ ናቸው። ገና አልሰማም በላቸው።»

አነሣሁት። ጋሽ በየነ ነበሩ። «ሰማ ወይ?» አሉኝ። ገና አልሰማም አልኳቸው። ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል አሉኝ፤ ዘጉት። ታደለ ከነፋሱ የምትከልል ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ነው ያወቅኩት አለኝ። ሥራ ቤት ስገባ ማንም አልሰደበኝም። ሁልጊዜ እንደገባሁ አንዱ ስለ ጫማዬ፣ አንዱ ስለ ራሰ በራነቴ ይናገር ነበር፤ ያን ቀን ግን ብድግ ብለው «ታዴ፣ ና እዚህ ፀሐይ ጋ ተቀመጥ» አሉኝ። በቃ፣ ሰው ሞተ አልኩ። ማን ነው የሚለውን ለማወቅ አገር ቤት ደወልኩ። እናቴን ፈልጌ ነው ስላት እህቴ «ተኝታለች» አለችኝ። እናቴ እኮ በቀን ተኝታ አታውቅም። ታማ እንኳ ተቀምጣ ነው የምትታመመው። እሺ አልኳትና ዘጋሁ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አልኩት። ለምን ይህን ሁሉ ድንጋይ ወጣህ? እሱ የጋቢውን ጫፍ ከጉልበቴ ላይ ስቦ ያላለቀችውን ክር ማክረር ጀመረ። ወንድሜ እኮ ያን ሁሉ መንገድ ሊነግረኝ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሳይደርስ አልቅሼ ብጠብቀው ምን ይሰማዋል? አለኝ። ጋሽ በየነም ለፍተዋል። አንተም ይኸው በዚህ ሆድህ ተራራ ወጣህልኝ። «ደግሞ» አለ፣ «እስኪነግሩኝ ድረስ እናት አለኝ። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ለእናቴ ጋቢ የምቋጭ ሰው ነኝ። ነገ ጠዋት ትወስዱብኛላችሁ፤ አንድ ቀን ምን አላት ብዬ ነው።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ብቅል ባይኖር ተራራም ያወጣል። እኔ በእናቱ ጋቢ ተጠቅልዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ታደለ ጀርባዬን እየመታ «አይዞህ፣ በቃ፣ አይዞህ» ይለኛል። መርዶውን አርዶኝ ሲያበቃ የሚያጽናናኝም እሱ! ሜሮን መጣችና በርኅራኄ አየችኝ። ጋሼ፣ አይፍሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፍ ሲደርስ ብዙ ሰው ያለቅሳል አለችኝ። ፎቶም አነሣችኝ። ፎቶው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ከሥሩ «ድል የእኛ ነው» የሚል ተጽፎበታል፤ የማላውቃቸው ሰዎች የልብ ምልክት አድርገውበታል።

ስንወርድ ሌላ ምስጢር ይዘን ወረድን፤ የምስጢሩን ምስጢር። ታደለ ነገ እንዴት እንደሚሆን አሰበበት። አባቱ ሲሞቱ ክፉኛ ተይዞ ትከሻው ወልቆ ነበርና አደራ በቀኝ በኩል አንተ ያዘኝ አለኝ። የማላውቅ እንድመስል ምን ልበል? ብሎ ጠየቀኝ። «ውሸት ነው! በል፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩት። አንድ ጊዜ ቆሞ ሞከረው። «ውሸት ነው!» አለ ወደ ሜዳው እየጮኸ። ሳቅን። እግዜር ይቅር ይበለን፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን እስኪያመን ሳቅን። እንጦጦ ማርያምን ብለህ እኮ ነው የማልከው፤ ከመስኮትህ ትታያለች፣ እንዴት ብለህ ነው ጠዋት ጠዋት የምታያት? ይለኛል። ጋቢዋን ሚኒባሱ አዳማ ሳይደርስ ቋጭቶ ጨረሰ፤ አጣጠፋትና ከዚያ በኋላ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ የድንኳን ቋሚዎች አጥር ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ በየነ ይህንንም አስበውበት ነበር፤ ጥር የሠርግ ወር ነውና ከጠየቀ ሠርግ ነው በለው ብለውኛል። ታደለ ግን አልጠየቀም። ቋሚዎቹን ሲያልፍ በእጁ ነካ አደረጋቸውና ደህና እደር ብሎኝ ገባ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ተሰበሰብን። ጠረጴዛው ወጥቷል፣ ጎረምሶቹ ተደርድረዋል፣ እኔ በቀኙ ቆሜያለሁ። ወንድሙ በሩ ላይ ሲታይ ታደለ ከአልጋው ጫፍ ተነሥቶ ቆመ፤ እናቱን በስልክ ሲያናግር እንደሚቆመው ነው የቆመው። ጋሽ በየነ ስለ ሰው ልጅ ሟችነት ጀመሩ፤ አዳምን ጠሩ፣ ኖኅን ጠሩ፣ ከዚያ የታደለን እናት ስም ጠሩ። እኔ «ውሸት ነው!» የሚለውን እየጠበቅኩ ነበር። አላለም። የሚያውቀውን ሞት፣ ያውም ተራራ ላይ የሳቅንበትን፣ ያን ጠዋት ገና እንደ አዲስ ሰማው። ሲወድቅ የጨርቅ ያህል እንኳ ድምፅ አላሰማም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደደም። ማወቅ ምንም አልጠቀመውም። በቀኝ በኩል እንድይዘው የተነገረኝ እኔ ደግሞ ፊቴን ሸፍኜ ሳለቅስ ሳልይዘው ቀረሁ።

ከለቅሶው በኋላ ጋሽ በየነ እድሩ ፊት አመሰገኑኝ። ምስጢር ሲጠብቅ እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም አሉ። ታደለ ከጎኔ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ሆኖ የእድሩ የመርዶ ጉዞ አስተባባሪ ተብዬ ተመረጥኩ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ይሸሸኛል። አንዱን ጎረቤቴን ቅዳሜ ምን ታደርጋለህ ብዬ ብጠይቀው ቀለሙ ተለውጦ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ እኔ እኮ ቆርቆሮ ስመታ እንዲያግዘኝ ፈልጌው ነበር።

ይህን የምጽፍላችሁ ዓርብ ከሰዓት ነው። የምጽፈውም ሌላ ነገር ማድረግ ስላልቻልኩ ነው።

ትናንት አለቃዬ «ዛሬ በጊዜ ወደ ቤትህ ግባ» አለኝ። እሱ በጊዜ ግባ ያለው ሰው እስከ ዛሬ የለም። ዛሬ ጠዋት ጋሽ በየነ መንገድ ላይ ጨበጡኝና እጄን ቶሎ አልለቀቁትም። ከዚያ ታደለ ደወለ። ነገ ተራራ እንውጣ፣ የያኔው ላይ አለኝ። ማን ሞተ? አልኩት። «እንጦጦ ማርያምን፣ ማንም ምንም አልሆነም፤ እንዲሁ አብረን መዋል ናፍቆኝ ነው» አለኝ። ቃል በቃል። ታደለ ሞኝ አይደለም፤ እንደማውቅበት ያውቃል። የሚሰጠኝ ሌላ ነገር ስለሌለው ነው አንድ ቀን የሚሰጠኝ።

እናቴ ከትናንት ጀምሮ ስለ ቁርሴ አልጠየቀችኝም። ጎንደር ደወልኩ፤ እህቴ አነሣችው። እናቴን አቅርቢልኝ አልኳት።

«ተኝታለች» አለችኝ።

እሺ አልኳትና ዘጋሁ። ለታደለም መልሼ ደውዬ እመጣለሁ አልኩት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁና ባለቤቴን፣ ነገ በረሃ እሄዳለሁ፣ ወፍራሙን ጋቢ አውጪልኝ አልኳት።

ሳትከራከረኝ አወጣችልኝ።